ፈረሱን ያየው ማን ነው?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ባለፈው የካቲት አጎቴን ይዤ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄጄ ነበር። ወንዛዬ እኛ የወረታና የፎገራ ሰዎች ጕልበት ሲያመን፣ ወገብ ሲይዘን የምንሄድበት፣ በጕማራ ወንዝ አካባቢ የሚገኝ ፍል ውኃ ነው። አጎቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ የግራ ጕልበታቸው ይቆረጥማቸዋል። ምክንያቱን የጠየቋቸው እንደ ሆነ «ፈረስ የሰጠኝ ነው» ይላሉ እንጂ «ፈረስ ጥሎኝ ነው» ብለው አያውቁም። እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ድንገት ወደ እኔ ዞር አሉና «ለመሆኑ ያ የወደቀው ልጅ ዳነ?» ብለው ጠየቁኝ።

ስለዚህ ልጅ ሲጠይቁኝ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የሰጠኋቸው መልስ እስካሁን ያሳፍረኛልና የዛሬውን ገጽ ለእርሱ ላውለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 25 ቀን የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ነው። በደብረ ታቦር ከተማ በአጅባር ሜዳ የፋርጣና የአካባቢው ፈረሰኞች ተሰብስበው ይጋልባሉ፤ ጉግስ ይጫወታሉ። ሠዓሊዎቻችን መርቆሬዎስን በጥቁር ፈረስ ላይ ተቀምጦ ስለሚሥሉት በዓሉ የፈረሰኛ በዓል መሆኑ አያስገርምም። የእኛ ፎገራ የላምና የሩዝ አገር ነው፤ ክረምት ርብና ጕማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ለፈረስ አይመችም። ስለዚህ ፈረስ ማየት የፈለገ የወረታ ሰው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር መውጣት አለበት። እኔም ከአንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ጋራ ወጣሁ።

ከሜዳው ዳር ቆመን ሳለን ሁለት ፈረሰኞች ለግልቢያ ጐን ለጐን ተሰለፉ፤ አንዱ በዳማ፣ አንዱ በአምባላይ። ጓደኛዬ ነገር ማሞቅ ይወዳልና «በምሳ እንወራረድ» አለኝ። እርሱ አምባላዩን ያዘ፤ እኔ ዳማውን። ምሳ ደግሞ በወር ደመወዝ ለሚያድር ሰው ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጥብስ ከሆነማ ምን ይባላል!

ፈረሶቹ ተለቀቁ። እኔ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከዚያ ሁሉ ግላስና ቃጭል መካከል አንዲት ነገር ብቻ አየሁ፤ የዳማውን አፍንጫ። ከአምባላዩ አፍንጫ ቀደመ ወይስ አልቀደመም? ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። በአንገት ያህል ቀደመ፤ ዘለልሁ፤ ጓደኛዬንም አቀፍሁት። እርሱ ግን መታቀፉን አልወደደውም።

ማታ አጎቴን አገኘኋቸው። እርሳቸው ራቅ ብለው ከሽማግሌዎች ጋራ ተቀምጠው ሲያዩ ነበር። ገና ሳልቀመጥ «የወደቀው ልጅ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«የቱ ልጅ?» አልኋቸው።

«ከኋላ የመጣው ነዋ! እርካቡ ተበጥሶ የወደቀው። አንተ ከቆምህበት ዐሥር እርምጃ አይሞላም እኮ።»

እኔ እንኳን ልጁ ሲወድቅ ላይ፣ ሦስተኛ ፈረስ መኖሩንም አላየሁም ነበር። አጎቴ ዝም ብለው አዩኝና ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት። ጓደኛዬን ብጠይቀው እርሱም አላየም። እኔ ረትቼ አላየሁ፤ እርሱ ተረትቶ አላየ። በማግስቱ ጧት ወደ መናኸሪያ ስንወርድ ከአጠገባችን ቆማ ሸንኮራ ትሸጥ የነበረችውን ልጅ አገኘናትና ጠየቅናት። ሁሉንም አይታዋለች። ጠፍሩ መበጠሱን፣ ልጁ በግራ ክንዱ ላይ መውደቁን፣ ሰዎች ተሸክመው ማውጣታቸውን፣ ፈረሱም ጥቂት ከሮጠ በኋላ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ልጁ የወደቀበት ቦታ መጥቶ መቆሙን አንድ በአንድ ነገረችን። እርሷ በማንም ላይ አልተወራረደችም፤ የምትሸጠው ሸንኮራ ነበራት፤ ዓይኗ ግን ነፃ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከአሳቤ አልወጣም። ሰው የሚያየው በዓይኑ ነው ወይስ በኪሱ?

ተማሪዎች ከሆናችሁና ጉግስ አይታችሁ የማታውቁ እንደ ሆነ ጥቂት ላስረዳ። በጉግስ ላይ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርራል፤ ይወረውራል። የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል፤ ወይም ከፈረሱ ሆድ ጐን ተለጥፎ ዘንጉን ያሳልፈዋል። ከዚያ ደግሞ ተራ ይለዋወጣሉ። እንግዲህ አስተውሉ፤ የመድረሻ ገመድ የለበትም፤ አንደኛ ሁለተኛ የለበትም። የሚያየው ሰው ብዙ ነገር ማየት አለበት፤ የፈረሰኛውን አቀማመጥ፣ የዛቡን አያያዝ፣ ፈረሱ በስንት እርምጃ እንደሚታጠፍ፣ ማን ደፍሮ እንደ ገባና ማን ሰበብ ፈልጎ ወደ ዳር እንደ ወጣ። በጉግስ ላይ ልወራረድ የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ «አሸናፊ» የሚባለውን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግረዋል። በአዊ እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም ቢሆን፣ ማኅበሩ ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ሰውን የሚሰበስበው በፈረሱ ሽልማትና በፈረሰኛው ጕብዝና ነው።

ከዚህም በላይ በአገራችን ፈረስ ስም ነበረው፤ ስሙም ለጌታው ይተርፍ ነበር። በዚሁ በደብረ ታቦር ከተማ ይቀመጡ የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ሰውየው በፈረሱ ይጠራል እንጂ ፈረሱ በቍጥር አይጠራም።

ይህን ስል ግን ውርርድ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ተከራካሪዎች በዳኛ ፊት ቆመው በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስም ሳይቀር ይወራረዱ ነበር። የተረታው የተወራረደበትን ይከፍላል፤ ክፍያውም ለዳኛው ይገባል። አባቶቻችን ይህን ሲያዩ አንድ ነገር ሳያስተውሉ አልቀሩም፤ ከሳሽ ቢረታ፣ ተከሳሽ ቢረታ፣ ዳኛው ባዶ እጁን አይሄድም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ፓሪስ ልሻገር፤ የዛሬው የፈረስ ውርርድ መልኩን ያገኘው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1867 ዮሴፍ ኦሌር የተባለ ነጋዴ አንድ ዘዴ ፈጠረ። (ይህ ሰው ኋላ በ1889 ሙላን ሩዥ የተባለውን ዝነኛ የጭፈራ ቤት ካቋቋሙት አንዱ ነው፤ የሰው ገንዘብ በምን መንገድ እንደሚወጣ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።) ዘዴው እንዲህ ነው፤ ተወራራጆች ሁሉ ገንዘባቸውን በአንድ ቋት ያስቀምጣሉ፤ አወራራጁ ድርሻውን ያነሣል፤ የቀረውን ያሸነፈውን ፈረስ የመረጡት ይከፋፈሉታል።

በእኛው ፈረሶች እናስላው። ዐሥር ሰዎች መቶ መቶ ብር ቢያስቀምጡ 1,000 ብር ይሆናል። አወራራጁ ከመቶው 15 ያነሣል እንበል፤ 850 ብር ይቀራል። ስድስቱ ሰዎች ዳማውን፣ ሦስቱ አምባላዩን፣ አንዱ ብቻ ቦራውን መርጠዋል። ዳማው ቢቀድም ለእያንዳንዱ 141 ብር ከ66 ሳንቲም ይደርሰዋል። አምባላዩ ቢቀድም 283 ብር ከ33 ሳንቲም። ቦራው ቢቀድም ግን ያ አንዱ ሰው 850 ብሩን ብቻውን ይወስዳል። እንግዲህ ሁሉም ሰው ዳማው የተሻለ ፈረስ መሆኑን በዓይኑ እያየ «ዳማው ይቀድማል፤ ነገር ግን ምን ይሰጠኛል?» ማለት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ዓይኑ ከፈረሱ ላይ ይነሣና ወደ ሰዎቹ ይዞራል፤ ማን ምን መረጠ? ስንት ሰው በዚህ ገባ? ጥያቄው «የትኛው ፈረስ ጐበዝ ነው» መሆኑ ቀርቶ «ሌላው ሰው የተሳሳተው በየትኛው ፈረስ ነው» ይሆናል።

ይህን ስሌት በፍጥነት የሚሠራ መኪና ጆርጅ ጁልየስ የተባለ መሐንዲስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1913 በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ ኤለርስሊ በተባለው የፈረስ መሮጫ ላይ ተተከለ። ሰውየው መኪናውን በመጀመሪያ ያሰበው ለምርጫ ድምፅ መቍጠሪያ ነበር ይባላል፤ መንግሥት አልፈልግም ስላለው ወደ ፈረስ አዞረው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ባሉት መሮጫዎች ትልልቅ የቍጥር ሰሌዳ ቆመ፤ ሕዝቡም ግማሹን ጊዜ ሰሌዳውን ሲያይ ይውላል። በ1930ዎቹ ደግሞ የመድረሻውን ቅጽበት የሚያነሣ የፎቶግራፍ መሣሪያ መጣ፤ የፈረስ አፍንጫ በጣት ያህል መቅደሙ የብዙ ሺህ ሰው ገንዘብ ሆኗልና። እኔ በአጅባር ሜዳ ላይ ያየሁት ያው አፍንጫ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ኖክስና ኢንክስተር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ የፈረስ መሮጫ ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። በሁለት ዶላር መስኮት ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች «ፈረስዎ የማሸነፍ ዕድሉ ከ1 እስከ 7 ቢመዘን ስንት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ሌሎቹን ደግሞ ገንዘባቸውን ከፍለው ከመስኮቱ ዞር እንዳሉ ያንኑ ጠየቋቸው። ያልከፈሉት ሦስት ተኩል ገደማ ሰጡ፤ የከፈሉት ግን ወደ አምስት የተጠጋ። በመካከሉ ፈረሱ ላይ የተለወጠ ምንም ነገር የለም። የተለወጠው ሁለት ዶላሩ ከኪስ መውጣቱ ብቻ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ጓደኛዬ «በምሳ» ባለኝ ደቂቃ ዳማው በዓይኔ ላይ እንዴት እንዳማረ ትዝ አለኝ።

አሁን ወደ ወረታ ልመለስ። ነገሩ ቀልድ መሆኑ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

በቅርቡ ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየከተማው ሲከፈቱ የእኛም ከተማ አልቀረላትም። የአጎቴ ልጅ በዚያን ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሓፊ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ይህ ልጅ በሕፃንነቱ በአጎቴ ኮርቻ ፊት ተቀምጦ ያደገ ነው። የሚመጣውን ፈረስ ሳያየው በኮቴው ድምፅ ብቻ «የእገሌ ነው» የሚል ልጅ ነበር። እግር ኳስ ሲያይም እንዲሁ ነው፤ የአርሰናል ደጋፊ ሆኖ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ እራት የማይበላ።

ቲኬት መቍረጥ ከጀመረ ወዲህ ግን አብሬው ኳስ ማየት አቃተኝ። በአንድ ወረቀት ላይ የሰባት ስምንት ጨዋታ ውጤት ይዞ ይቀመጣል። ከፊቱ ጨዋታ ይታያል፤ እርሱ በስልኩ ሌላውን ይከታተላል። ግሩም የሆነ ግብ ሲገባ «ይህ እኮ ሦስተኛ ነው፤ ከሁለት በላይ አይገባም ብዬ ነበር፤ ተበላሁ!» ብሎ ራሱን ይይዛል። አንድ ቀን በገዛ አርሰናሉ ላይ ቈርጦ አገኘሁት። አርሰናል ሲያሸንፍ መደሰት አልቻለም፤ ማዘንም አፈረ። በሁለቱ መካከል ፊቱ ምን ይመስል እንደ ነበር ልነግራችሁ አልችልም።

ኳስ በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ በዚያው ቤት በቴሌቪዥን የሚሮጡ ፈረሶች ነበሩ። ፈረስ ስላችሁ የእውነት ፈረስ አይምሰላችሁ፤ ኮምፒዩተር የሠራው ሥዕል ነው። በየጥቂት ደቂቃው ቍጥር የለበሱ ፈረሶች ይሮጣሉ፤ አንዱ ይቀድማል፤ ወዲያው ሌሎች ይተካሉ። አይደክማቸውም፤ አያነክሱም፤ አይወድቁም።

አንድ ቅዳሜ አጎቴ ልጃቸውን ፍለጋ ከእኔ ጋራ ወደዚያ ቤት ገቡ። ቤቱ በወጣት ተሞልቷል፤ «አራት! አራት! ኧረ ግፋ አራት!» ይባላል። ልጃቸውም ከፊት ቆሞ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። አጎቴ «ፈረስ ነው እንዴ?» ብለው ደስ አላቸውና ምርኵዛቸውን ተደግፈው ማየት ጀመሩ። ጥቂት አይተው «የማን ፈረስ ነው?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ልጅ ጠየቁት። ልጁ ነገሩ አልገባውም፤ «አራት ቍጥር ነው አባባ» አላቸው። ቀጥለውም «አላበውም እኮ» አሉ። ያን ጊዜ ልጃቸው ድምፃቸውን ሰምቶ ዞረ፤ «አንቱ? እዚህ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ወጣ። አጎቴም የተናገሩት ነገር የለም። ወደ ቤት ስንሄድ ግን «ይኸን ልጅ ፈረስ አስተማርሁት ብዬ ነበር» አሉኝ።

በዚያ ዓመት ልጁ የቤት ኪራይ የአራት ወር ተበደረ። ደመወዝ በተቀበለ በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ትንሽ ይቈርጣል፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል የጠፋውን በአንድ ጊዜ ለመመለስ ዕድላቸው እጅግ የጠበበውን ይመርጣል። ይህም የእርሱ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የፈረስ መሮጫዎች ላይ ያጠኑ ሰዎች በዕለቱ የመጨረሻ እሽቅድምድም ላይ የተወራራጁ ገንዘብ ወደ ደካማ ፈረሶች ይበልጥ እንደሚያደላ ጽፈዋል። አጎቴ ዕዳውን የከፈሉት ሦስት ኵንታል ሩዝ ሸጠው ነው። ሩዝ በፎገራ እንዴት እንደሚመረት ላየ ሰው፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ጕልበት ቆሞ ማረም ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ፣ ሦስት ኵንታል ብዙ ነው። በዚያ ጕልበት ላይ ደግሞ!

ኋላ እመለስባታለሁ ያልሁት ዳኛ እነሆ ይኸው ነው። አራት ቍጥር ቢቀድም፣ ሰባት ቍጥር ቢቀድም፣ የቤቱ ድርሻ አስቀድሞ ተነሥቷል።

ለውርርድ የሚከራከሩ ሰዎች ነገርም መሰማት ይገባዋል። በብዙ አገር የፈረስ እሽቅድምድም የሚኖረው በተወራራጆች ገንዘብ ነው፤ ገለባውም፣ ሽልማቱም ከዚያ ይወጣል። በ1884 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሆንግ ኮንግ ጆኪ ክለብ ከውርርድ ከሚያገኘው ገንዘብ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ይረዳል። ደግሞም እውነተኛ ተወራራጅ የፈረሱን ዘር፣ የአሠልጣኙን ጠባይ፣ የሜዳውን እርጥበት ሳይቀር ያጠናል፤ ከእኔ ከተራው ተመልካች ይልቅ ብዙ ያውቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሰው አስቀድሞ ያጠናል እንጂ ሩጫው በተጀመረባት ደቂቃ እርሱም እንደ እኔው አፍንጫ ያያል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የአጎቴ ልጅ ራሱ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ነግሮኛል። ዕዳው ከተከፈለለት በኋላ «ተወው እንግዲህ፤ ኳሱን እንደ ድሮው ዝም ብለህ እይ» ብለው ቢመክሩት «አልችልም» አለኝ። «እንዴት አትችልም?» «ቲኬት ከሌለኝ ዘጠና ደቂቃ አያስቀምጠኝም። ኳሱ ባዶ ይሆንብኛል። ሰዎች ምኑን እንደሚያዩት አይገባኝም።» ይህን ሲናገር አልቀለደም። ገንዘቡን በሩዝ መመለስ ተችሏል፤ ይህን የሚመልሰው ግን ምን እንደ ሆነ እኔም አላወቅሁም።

ለአጎቴ ጥያቄ በወንዛዬ የመለስሁላቸው «ክንዱ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ አሽቶት ድኗል» ብዬ ነው። ይህንም ያገኘሁት ከመርቆሬዎስ በኋላ ሰው ልኬ አስጠይቄ ነው። እርሳቸውም «እሰይ» ብለው እግራቸውን ከውኃው አወጡ።

ስንመለስ የአጎቴ ልጅ አብሮን ነበር፤ አባቱን አዝሎ ዳገቱን ያወጣቸው እርሱ ነው። ከመኪናው መንገድ ዳር ተቀምጠን ስንጠብቅ አንድ ገበሬ ፈረስ ላይ ተቀምጦ በሶምሶማ አልፎን ሄደ። አጎቴ ወደ እኛ ዞረው «ምን አያችሁ?» አሉ። እኔ «ቀይ ፈረስ» አልሁ፤ ሌላ ያየሁት አልነበረም። ልጁ ግን (ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ከጧት ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ነበር) አንገቱን ሰገግ አድርጎ እስኪርቅ ተመለከተና «የኋላ ግራ እግሩን ይቈጥባል» አለ። አጎቴ ምንም ሳይሉ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አፏጩ። ገበሬው ልጓሙን ሳብ አድርጎ ቆመ። ልጁ ሮጦ ደረሰበት፤ አወረደው፤ ኮቴውን አነሣና በእንጨት ቈፈር ቈፈር አድርጎ አንዲት ሹል ጠጠር አወጣ።